ከብሩ ጀርባ ያለው ስም

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ የትንሣኤ ማግስት። የመቅደላን በር ሰብረው የገቡ የእንግሊዝ ወታደሮች አንድ የወደቀ ሰው ዘንድ ደረሱ። ፊቱን አይተው የሚለዩት ሰው አልነበረም። አጠገቡ የነበረውን ሽጉጥ አንስተው ሲያገላብጡት ግን አንዲት ትንሽ የብር ዝርግ ተለጥፋበት አገኙ። ጽሑፏ ሽጉጡን ንግሥት ቪክቶሪያ ለንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ የላኩት መሆኑን፣ ምክንያቱም ለቆንስላቸው ለፕላውደን ስለተደረገለት ደግነት ምስጋና መሆኑን ትናገራለች። ኋላ ንጉሡ አስረዋቸው የነበሩት አውሮፓውያን ቀርበው አስከሬኑን አይተው «እሳቸው ናቸው» አሉ እንጂ፣ ቀድማ የመሰከረችው ያቺ የብር ዝርግ ናት።

የጦር ሜዳ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ሥራ ሁሉ ያን ቀን እነዚያ ወታደሮች ያደረጉት ነው፦ ዕቃውን ገልብጦ ጽሑፍ መፈለግ። ፊቱ ላይ ንጉሥ አለ፣ አንበሳ አለ፣ ኮከብ አለ፤ ያ ሁሉ ለተመልካች ነው። ወሬው ያለው ከጀርባ ነው። ችግሩ ጀርባው ባዶ የሆነ ጊዜ ነው፤ የእኛ አገር ነገር አብዛኛው እንዲያ ነው።

ጄኔራል ናፒየር ይዞት የመጣው ጦር ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ የእንግሊዝና የህንድ ወታደር ነበረው። ጭነት ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ፣ እንስሳ ጠባቂው ሲቆጠር ደግሞ የወታደሩ እጥፍ ይሆናል። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ በመርከብ መጥተው ዙላ ላይ ወረዱ። ከመቅደላው ውጊያ ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ በተደረገው ፍልሚያ ከኢትዮጵያ በኩል ወደ 700 ሰው እንደሞተ ይነገራል፤ ከእንግሊዝ በኩል የሞተው ሁለት ነው። አምባው ከተያዘ በኋላ ዘረፋው ቀጠለ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ ታቦት፣ ብራና፣ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ የተገኘው ሁሉ ተገፈፈ። ደላንታ ሜዳ ላይ ሚያዝያ 13 እና 14 ጨረታ ተደረገ። ምርኮውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ከሽያጩ የተገኘው 5 ሺህ ፓውንድ ገደማ ለወታደሩ ተከፋፈለ፤ ለነፍስ ወከፍ የደረሰው ጥቂት ብር ነው። ዋናው ገዢ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ሙዚየም ከጦር ጋር ሰው ልኮ ዕቃ ማስገዛቱ ዛሬ ሲሰማ ይገርማል፤ ያኔ ግን ብዙዎችን ያሳፈረ አይመስልም።

ጨረታው ላይ ገዝተውም ሆነ ቀምተው የወሰዱት ወታደሮች፣ ብዙዎቹ ዕቃው ላይ «መቅደላ» ብለው ቀን ጻፉበት። ብራናው ኅዳግ ላይ በቀለም፣ ብረቱ ላይ በብረት ጫፍ። ለወሬ ነው የጻፉት፤ ለልጅ ልጅ እንዲያሳዩ። ያ ጽሕፈት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚያጋልጥ ማስረጃ ይሆናል ብለው አላሰቡም።

ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1861 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለዘማቾቹ ሜዳይ እንዲሰጥ ወሰነ። ይህችን ሜዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ብር ናት፤ ስፋቷ 32 ሚሊ ሜትር፣ ከዘመኑ ሌሎች የእንግሊዝ ሜዳዮች አነስ ትላለች። መሃሏ ላይ በጥራጥሬ ክብ ውስጥ ዐይነ ርግብ የለበሱት የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል አለ፤ ምስሉም ትንሽ ነው። ከዚያ ክብ ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ይፈነጥቃል። በጫፎቹ መካከል አንድ አንድ የላቲን ፊደል ገብቷል፤ ዘጠኙ ፊደል ሲገጣጠም «አቢሲኒያ» ይላል። እኛ ራሳችንን የማንጠራበት ስም መሆኑ ነው። ከላይ ዘውድ፣ ዘውዱ ላይ ቀለበት፣ ቀለበቱ ውስጥ መሃሉ ሰፊ ደማቅ ቀይ ዳርና ዳሩ ነጭ የሆነ ሪባን።

ጉዱ ያለው ግን ሲገለብጧት ነው። ጀርባዋ ላይ የሎረል ቅጠል ጉንጉን አለ፤ በጉንጉኑ ውስጥ የተሸላሚው ወታደር ስምና ክፍለ ጦሩ ተጽፏል። ያልተለመደው ነገር አጻጻፉ ነው። በሌሎቹ የእንግሊዝ ሜዳዮች ስም የሚመታው በጠርዙ ዙሪያ፣ ወደ ውስጥ ጠልቆ ነው። በዚህችኛዋ ግን ፊደሉ እንደ ሳንቲም ጽሑፍ ወደ ላይ ጎልቶ ወጥቷል፤ በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። እንዲህ ለማድረግ ለእያንዳንዱ ሰው ስም የተለየ መምቻ መሥራት ያስፈልጋል። ወደ 14 ሺህ ሜዳይ ነው የተሰጠው፤ ከዚያ ውስጥ 2 ሺህ ያህሉ ለባሕር ኃይሉ። ሥራው ከባድ፣ ወጪውም ብዙ በመሆኑ እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ለሌላ ዘመቻ እንዲህ ያለ ነገር አልደገሙም። ለህንድ ወታደሮች ከተሰጡት አብዛኞቹ ላይ ደግሞ ስሙ ጎልቶ ሳይሆን ጠልቆ ነው የተመታው። በአንድ ጦር፣ በአንድ ተራራ፣ ለአንድ ዘመቻ፤ ልዩነቱ ግን ከብሩ ጀርባ ድረስ ዘልቋል።

ሰብሳቢዎች ይህችን ሜዳይ የሚወዷት ለዚህ ነው። አንድን ሜዳይ ለማስመሰል የሚፈልግ አጭበርባሪ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው፦ የተራውን ወታደር ስም ፍቆ የታዋቂ ሰው ስም መምታት። ጠርዝ ላይ የተጻፈ ስም ሲፋቅ ጠርዙ ይሳሳል፤ በመለኪያ ይያዛል። የአቢሲኒያዋን ጎልቶ የወጣ ስም መቀየር ግን የበለጠ አድካሚ ነው፤ ብሩን ፍቀህ ጠፍጣፋ ካደረግኸው በኋላ ፊደል ከየት ታበቅላለህ? ስሙ ደህና ከሆነ ቀጣዩ እርምጃ ለንደን ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ኪው፣ መሄድ ነው። የዘመቻ ሜዳይ ተቀባዮች መዝገብ እዚያ ክፍለ ጦር በክፍለ ጦር ተደርድሯል። 33ኛው ክፍለ ጦር ከሆነ መቅደላ በር ላይ ነበረ ማለት ነው፤ ጄምስ በርጊንና ማይክል ማግነር የተባሉት ሁለቱ ወታደሮች የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለሙት እዚያ በር ላይ ነው። መርከበኛ ከሆነ ደግሞ ሮኬት ተኳሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ተራ ጭፍራ ከብር ቁራጭ ተነስቶ ሰው ይሆናል።

በእኛ በኩልስ? ያኔ ሜዳይ የሚባል ነገር ልማድ አልነበረም። ሽልማት ግን ነበረ፤ እንዲያውም ከብር ቁራጭ የሚበልጥ ሽልማት። ግዳይ የጣለ ጀግና ፎክሮ ሲያበቃ ለምድ ይለብሳል፤ የአንበሳ ወይም የነብር ቆዳ፣ ለመኳንንቱም ከፋይና ሐር። ክንዱ ላይ ቢተዋ ያደርጋል። ጋሻው የጎሽ ቆዳ ሆኖ በብር ጥፍጥፍ ይለበጣል፤ የአንበሳ ጎፈር ይንጠለጠልበታል። ሲሾም እንደማዕረጉ ሰይፍ፣ ካባ፣ ራስ ወርቅ ይሸለማል። ይህ ሁሉ በአደባባይ፣ በአዝማሪና በፎካሪ ፊት ነው የሚደረገው። ስሙን ብረት ላይ መጻፍ ያላስፈለገውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ስሙን ሰው ይዞታል። እሮጌ ላይ ከወደቁት 700 ሰዎች መካከል የፊታውራሪ ገብርዬ ስም ዛሬ ድረስ የሚነሳው በልቅሶና በፉከራ ስለተያዘ ነው። ከጎናቸው የወደቀውን ጋሻ ጃግሬ ስም የሚያውቅ የለም፤ ጋሻው ግን አንድ የእንግሊዝ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓ ልማድ የተሠራ ኒሻን በአገራችን ሥር የያዘው ከቴዎድሮስ በኋላ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1866 ዓ.ም. ገደማ የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን አቋቋሙ። ምኒልክ ደግሞ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ፣ የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻንን አስጀመሩ። እነዚህ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ከታች ተራው አባል ይጀምርና ባለ ሙሉ ኮርዶኑ ላይ ያበቃል። ኮርዶን የሚባለው ከትከሻ ወደ ጎን የሚወርደው ሰፊ ሪባን ነው። በሽማግሌ ፎቶግራፍ ላይ ያን ሪባን ያየ ሰው ስሙን ባያውቅም ትልቅ ሰው እንደነበረ ያውቃል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ። የእንግሊዝ መንግሥት የመቅደላዋን ሜዳይ ካጸደቀ ልክ 27 ዓመት፣ ቀኑ ሳይዛነፍ። አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ቀኖቹን ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ጣሊያኖች ለአፍሪካ ዘመቻቸው ሜዳይ ያወጡት ከዓድዋ በፊት በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር፤ ድሉን በእርግጠኝነት ሲጠብቁ ይመስላል። አንድ ፊቱ ላይ ንጉሥ ኡምቤርቶ፣ ሌላው ላይ «የአፍሪካ ዘመቻዎች» የሚል ጽሑፍ በጉንጉን ተከቧል። የተሸላሚ ስም የለም። ስለዚህ ይህችን ሜዳይ ዛሬ በእጁ ያገኘ ሰው፣ ባለቤቷ ዓድዋ ላይ ሞቷል ወይስ ምጽዋ ወደብ ላይ ስንዴ ሲቆጥር ነበር፣ በምን ያውቃል? በወረቀት ካልሆነ በምንም። ከጣሊያን በኩል 56 መድፍና ከአሥር ሺህ በላይ ጠመንጃ በኢትዮጵያ እጅ ገባ። ጠመንጃ ግን ሥራ አለው፤ ሙዚየም አልገባም፣ ባለቤቱን ለወጠ። ከዓድዋ የተገኘ አንድ ጠመንጃ ከዚያ በኋላ በስንት ውጊያ እንደተተኮሰ ቢቆጠር ረጅም ወሬ ነው።

በዘመነ ዘውዲቱ ኒሻን በዛ። በ1915 ዓ.ም. አካባቢ የንግሥተ ሳባ ኒሻን፣ ራስ ተፈሪ አውሮፓ በሄዱበት በ1916 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ ከዘውዲቱ በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የራሳቸው የተፈሪ ንግሥና ሲከበር ደግሞ የሥላሴ ኒሻንና የዘውድ በዓል ሜዳይ መጡ። ይህን ጊዜ ነው ለሰብሳቢ ከባዱና አስደሳቹ ሥራ የሚጀምረው፤ ኒሻኖቹ የሚሠሩት በተለያየ አገር፣ በተለያየ እጅ ነውና። ፓሪስ አርቱስ ቤርትራን ይሠራል፤ ለንደን ማፒን ኤንድ ዌብ ይሠራል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አርመናዊው ወርቅ ሠሪ ሴቫጂያን ይሠራል። አንድ ዓይነት ኒሻን፣ ሦስት ፊት።

እንዴት ይለያል? አሁንም ገልብጠህ ነው። ሴቫጂያን ስሙን ከነከተማው በላቲን ፊደል ጀርባው ላይ ይመታል፤ ሳጥኑም ካለ ክዳኑ ውስጥ ታትሟል። ፓሪስ የተሠራ ብር ከሆነ በማጉያ መነጽር ጠርዙን ወይም ቀለበቱን መፈለግ ነው፤ የከርከሮ ራስ የምትመስል የፈረንሳይ መንግሥት የብር ምልክት ትገኛለች፤ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ለንደን ከሆነ በጎን የምትራመድ አንበሳ አለች። እንግዲህ ከፊት የይሁዳ አንበሳ፣ ከጀርባ የእንግሊዝ አንበሳ ማለት ነው። ቀለሙም ይናገራል። የጥንቱ ቀለም እሳት የገባ ብርጭቆ ነው፤ ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፣ ግን አይደበዝዝም። በኋላ የተሠራ ማስመሰያ ላይ ያለው ቀለም ደግሞ በመርፌ ሲነካ እንደ ፕላስቲክ ይገባል። ማስመሰያ ሁሉ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ ጭረት የለው። እኔ እንዲያ ያለ የሰባ ዓመት ዕቃ ሳይ እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ወረራው መጣ። ጣሊያን ለዚህ ጦርነት ሜዳይ የደነገገው ሚያዝያ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጦሩ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27። ስምንት ቀን ቀድሞ መሆኑ ነው። ሜዳዩ ነሐስ ነው፤ በብዛት ስለተሰጠ ዛሬ በጣሊያን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ርካሽ ነው። ለአስካሪዎቹም ተሰጥቷል። እንደ አባቱ ሁሉ ስም የለውም።

በዱር የነበረው አርበኛ ያን አምስት ዓመት የሸለመው ማንም አልነበረም፤ ጎፈሬው ነው ምልክቱ። ሽልማቱ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በነበሩት ዓመታት። በዱር ለተዋጋ የአርበኝነት ሜዳይ፣ አገር ለቆ ለተሰደደ የስደት ሜዳይ፣ በድሉ ዘመቻ ለተሳተፈ የድል ኮከብ። የአርበኝነት ሜዳይ አንድ ብልሃት አለው፦ ሪባኑ ላይ የዘንባባ ምልክት ይሰካበታል፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። አምስቱን ዓመት ሙሉ በዱር የቆየ «ባለ አምስት ዘንባባ» ይባላል። ዛሬም የድሮ ሰው የሕይወት ታሪክ ቀብር ላይ ሲነበብ «የአርበኝነት ሜዳይ ከአምስት ዘንባባ ጋር» ሲባል ለቀስተኛው ራሱን ይነቀንቃል። ዘንባባው ዕድሜን ይቆጥራል፤ ስምን ግን አይጽፍም።

በዚህ ላይ ቅሬታው ነበረ። ትናንት ለጣሊያን ያደረው ዛሬ ዘንባባ ሰክቶ ከፊት ይቆማል፣ እውነተኛው አርበኛ ደግሞ ምስክር አጥቶ ደጅ ይጠናል የሚለው ወሬ በየቤቱ የተወራ ነው። ሜዳዩ ላይ ስም ቢኖር ይህን ባያስቀርም፣ አንገት ለአንገት መዋዋስን ያስቀር ነበር። ይህ የእኔ ግምት ነው።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመቻ የተሳተፉት እንግሊዞችም ስም መጻፍ ትተው ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1932 ዓ.ም. ማብቂያ አንስቶ ጎንደር እስከወደቀችበት እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. የተዋጋ የእንግሊዝ ወታደር «የአፍሪካ ኮከብ» የሚባል የነሐስ ሜዳይ ይገባዋል፤ ሪባኑ አሸዋማ ሆኖ መሃሉ ቀይ ነው። ለራሳቸው ወታደር ሲሰጡት ባዶውን ነው። ለመቅደላ ለእያንዳንዱ ሰው መምቻ ያስቀረጸ መንግሥት፣ ሚሊዮኖች በዘመቱበት ጦርነት ይህን ለመድገም አቅሙም ፍላጎቱም አልነበረውም። ደቡብ አፍሪካ ግን ለወታደሮቿ ስማቸውንና ቁጥራቸውን አስመታችበት። ስለዚህ ሜጋ ላይ ወይም አምባላጌ ላይ የነበረ የአንድ ደቡብ አፍሪካዊ ኮከብ ዛሬ ተከታትሎ ማግኘት ይቻላል፤ ከጎኑ የነበረውን የኢትዮጵያዊ አርበኛ ሜዳይ ግን አይቻልም።

ኮሪያ ላይ ነገሩ ትንሽ ተለወጠ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተሸኘ፤ ስሙ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ነበሩ። በየተራ በተላኩት ሻለቆች 6,037 ያህል ሰው ዘምቷል፤ ከመቶ ሃያ በላይ ሞቷል፣ አንድም ምርኮኛ አልተወሰደም። ለዚህ ዘመቻ የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው ሜዳይ እንደየዘማቹ አገር በተለያየ ቋንቋ ተሠርቷል፤ አንዱ ቋንቋ አማርኛ ነበር። ሪባኑ ዐሥራ ሰባት ቀጫጭን መስመር ነው፤ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቀ። ከላይ ባለው አሞሌ መሳይ ብረት ላይ «ኮሪያ» በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። ሜዳዩ የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ ፊደሉ ግን የእኛ ነው። ለውጭ ሰብሳቢዎች ከዓይነቶቹ ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ይህ የአማርኛው ነው፤ ብዙዎቹ ሳያነቡት በፊደሉ ቅርጽ ብቻ ይለዩታል። ለእኛ ግን የአያት ዕቃ ነው።

1966 መጣ። አብዮቱ ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ሹማምንት ተረሸኑ። ኒሻን የነበረበት ቤት ሁሉ ኒሻኑ አደጋ ሆነበት። የተቀበረ ነበረ፤ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዱቄት ማድጋ ሥር። ወርቅ ቅብ የሆነው ወርቅ ይመስላል ተብሎ ወደ አንጥረኛ የሄደው ብዙ ነው፤ ብሩ ቀልጦ የልጅ አምባር ሆኗል። የኮሪያ ዘማቾች ችግር ደግሞ የራሱ መልክ ነበረው። መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነና ደቡብን ሊከላከሉ የሄዱት ሰዎች ሜዳያቸውን ደረታቸው ላይ ማድረግ አልተመቻቸውም። ሰማያዊና ነጩ ሪባን ከሳጥን ሳይወጣ ዓመታት አለፉ። ደርግ የራሱን ሽልማት አወጣ፤ በሶማሊያው ጦርነት ተማርከው 11 ዓመት ታስረው የተመለሱት አብራሪ ለገሠ ተፈራ የኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ የላቀ የጦር ሜዳ ጀግና ሜዳይ ተሸልመዋል። በ1983 ደግሞ ያም ተራው ደርሶ ወደ ሳጥን ገባ። በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ ሜዳይ የሚደበቅበት አገር ውስጥ ነው የምንኖረው።

ከሳጥን የወጣው ቀስ በቀስ ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ያሉ የብርና የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ደረሰ። አንድ ጊዜ እንዲህ ካለ ሱቅ ውስጥ፣ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከላሊበላ መስቀል ጋር በአንድ ሰፌድ የተደረደረ የሜዳይ ክምር አገኘሁ። ባለ ሱቁ አንዱን አንስቶ፦

«ጋሼ፣ ይሄ የዓድዋ ነው። የአርበኛ አያት ነው» አለኝ።

ተቀብዬ ወደ ብርሃን ዞር አደረግኩት። የተመታበት ፊት የቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ነው፤ ስሙም ዙሪያውን አለ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የጣሊያኑ ንጉሥ ነው። የ28ቱ ወረራ ሜዳይ ነው» አልኩት።

«አርበኛው ገድሎ የማረከው ይሆናላ!» አለኝ፤ ዋጋውንም ከፍ አደረገ።

ሊሆንም ይችላል። ክፋቱ ይህ ነው፤ ውሸት ነው ብዬ ልምል አልችልም። ያስረዳ የነበረው ማን ከማን ወስዶት ከየትኛው ቤት እንደወጣ የሚለው ወሬ ነው፤ ወሬው ደግሞ ሻጩ ለመጀመሪያው ነጋዴ ሲሰጥ በር ላይ ቀርቷል። እውነተኛ የሚባል ሰብሳቢ ስለዚህ ከሜዳዩ ይልቅ አብሮ የመጣውን ወረቀት ይጠይቃል፦ ማኅተም ያረፈበት የኒሻን ምስክር ወረቀት፣ የወታደር መታወቂያ፣ ከሁሉም በላይ ፎቶግራፍ። ሽማግሌው ስቱዲዮ ገብተው ሜዳዮቻቸውን ደርድረው የተነሱት ፎቶ ካለ፣ ደረታቸው ላይ ያለው ቅደም ተከተል ከሳጥኑ ጋር ይመሳከራል። አንዱ ከጎደለ ተሽጧል፤ አንዱ ከተረፈ የሌላ ሰው ነው። በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ከአገር ሲወጡ ሜዳይ ይዘው መውጣት ሲያምራቸው ሕጉን ማሰብ አለባቸው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

ከመቅደላ የሄደው ደግሞ ቀስ እያለ ወሬው ተመልሶ መጣ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን ያለው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ዘለላ ጠጉር መለሰ። በ2014 ዓ.ም. አክሊል፣ ጋሻና የቀንድ ዋንጫዎች ያሉበት ዕቃ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ውስጥ ከፊሉ እንግሊዝ አገር ጨረታ ላይ ሊሸጥ ሲል ታግዶ የተገዛ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ኒውካስል ላይ ለጨረታ ቀርቦ የነበረ የመቅደላ ጋሻ እንዲሁ ከሽያጩ ተነሳ። ሻጮቹን ያጋለጣቸው ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቅድመ አያት ጽሕፈት ነው፤ ለወሬ ብሎ የጻፈው። የአቢሲኒያዋ ሜዳይ ግን አሁንም ትሸጣለች፤ በመቶዎች በሚቆጠር ፓውንድ፣ ከነስሙ። የጨረታው ካታሎግ የዚያን ጭፍራ የትውልድ ቦታ፣ የተቀጠረበትን ዓመት፣ ሰክሮ የታሰረበትን ቀን ሳይቀር ይጽፍለታል።

በቅርቡ በሚያዝያ 27 በዓል አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ቆሜ ነበር። ከአርበኞቹ የቀሩት ጥቂቶች በወንበር ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ልጆችና የልጅ ልጆች የአያት ካባና ሜዳይ አድርገው ይሸልላሉ። አጠገቤ የቆመው ወጣት ደረቱ ላይ አንድ የአርበኝነት ሜዳይ ነበረው፤ ሪባኑ ነትቷል፣ መርፌው በአዲስ ተተክቷል። ማስመሰያ አልነበረም።

«ስንት ዘንባባ ነው?» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ በጣቱ ቆጠረ። «አምስት» አለኝ።

«የት የት ነው የተዋጉት?»

«ጎጃም ይመስለኛል… ቆይ» አለና ስልኩን አወጣ። ጫጫታው ከባድ ስለነበር አንድ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ጮክ ብሎ ተናገረ፦ «ማሚ! የአባባ ሙሉ ስም ማን ነበር?»